ከዲክሰን ቤት እስከ ሙባረክ ኪዮስክ፦ ኩዌት ላይ የከፈልኩበት የታሪክ ጉብኝት

ስምንት ዲናር ነው የከፈልኩት። ከደመወዜ ወደ ቤተሰብ የሚሄደውን ቀንሼ ስለማስቀረው ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ቢሆንም ኩዌት ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ከዚያ በፊት አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምር ነበር። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ስንት ጊዜ በጠመኔ እንደጻፍኩት እኔው አውቃለሁ። የምኖርበት አገር ደግሞ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዓይነት ውል የተያዘ አገር መሆኑን ሳውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የጉብኝት ድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋትም ስለምናገር። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ መጣ፤ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። አስጎብኚያችን ጡረታ የወጡ ኩዌታዊ መምህር ናቸው፤ ንግግራቸው በእንግሊዝኛ ሆኖ ሲሞቃቸው ዓረብኛ ይቀላቅላሉ። እኔም መምህር እንደነበርኩ ሲሰሙ «ያ ኡስታዛ»፣ መምህሯ ሆይ፣ እያሉ ይጠሩኝ ጀመር፤ እኔም «ኡስታዝ» አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ደስ ያለኝ አንዱ ነገር ይኼ ነው። እዚህ አገር በሙያዬ የሚጠራኝ ሰው ብዙ ጊዜ አላገኝም።

መነሻው ባሕሩ ፊት ለፊት፣ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ መንገድ ላይ ያለው የዲክሰን ቤት ነው። ግድግዳው ነጭ፣ በሮቹ ሰማያዊ ናቸው። በ1904 የእንግሊዝ የመጀመሪያ የፖለቲካ ወኪል ካፒቴን ኖክስ ኩዌት ሲገባ የኩዌት ገዥ የነበረው ሼክ ሙባረክ የሰጠው የነጋዴ ቤት ነበር፤ እስከ 1935 ድረስ የወኪሉ መሥሪያ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ስሙን ያገኘው ከ1929 እስከ 1936 ወኪል ከነበረው ከዲክሰን ነው። ባሏ በ1959 ከሞተ በኋላም ሚስቱ ቫዮሌት እዚያው ኖረች፤ ሰዉ «ኡም ሳዑድ» ይላት ነበር፤ የወጣችው በ1990 ወረራ ጊዜ ነው። ቤቱ በጣም ያምራል፤ ፎቶዎቹን እያየሁ ብቻዬን ብቀመጥ ግማሽ ቀን አይበቃኝም ነበር።

የጉብኝቱ ጥፋት ግን እዚሁ ይጀምራል። ጉብኝቱ ከሚፈጀው ሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚሆነው በዚህ ቤት ያልቃል፤ ስለ ወይዘሮዋ አትክልት፣ ስለ ሻይ ሰዓቷ፣ ስለ በረሃ ጉዟቸው። ከዚያ ቤት የሚወጣ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትንሽ የዓሣና የዕንቁ ከተማ ነበረች፣ እንግሊዝ መጣና ጠበቃት። አንድ አገር የውጭ ወኪል በኖረበት ቤት በኩል ሲተረክ ባለቤቱ እንግዳ ይሆናል። እኔን ያስከፋኝ ይኼ ነው፤ ተማሪዎቼም እንዲህ እንዲማሩ አልፈቅድም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ሙባረኪያ ገበያ ተሻገርን። ስምንት ዲናሬን እዚህ አገኘሁት።

ገበያው መሐል ሙባረክ በ1897 ያሠራው ትንሽ ቤት አለ፤ «ኪሽክ» ይሉታል፣ ኪዮስክ እንደ ማለት ነው። ሼኩ በየቀኑ እየመጣ እዚያ ይቀመጥ ነበር፤ ነጋዴውን ያያል፣ አቤቱታ ይሰማል። ዛሬ ሙዚየም ነው። ኡስታዝ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበረን፤ ሃያዋ ደቂቃ ግን ከቀረው ሁሉ በለጠችብኝ።

ነገሩን በቅደም ተከተል አወሩልን፤ እኔም ማስታወሻ ይዣለሁ። ሙባረክ በ1896 ሥልጣን የያዘው ሁለት ወንድሞቹን፣ ሙሐመድንና ጀራሕን አስገድሎ ነው። ይኼን ኡስታዝ በፍጥነት አለፉት፤ እኔ ጠየቅኳቸው፤ ሳይሸሹ መለሱልኝ፣ አከበርኳቸው። የተገደሉት ወገኖች ዘመድ የሆነው ባለጸጋው ዩሱፍ አል-ኢብራሂም በቱርክ እጅ ወደነበረችው ባስራ ሄዶ ቱርኮችን ይለምናል። ሙባረክም ቱርኮችን ይለማመጣል፤ በ1897 ቃኢማቃም የሚል ሹመት ይሰጡታል፣ አገረ ገዥ እንደ ማለት። በዚያው ጊዜ በጎን የእንግሊዝን ጥበቃ ይጠይቃል። እንግሊዞች መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ከቱርክ ጋር መጣላት አልፈለጉም።

አቋማቸውን ያስለወጣቸው ሌላ ሰው ነው። በ1898 ካፕኒስት የሚባል «ካውንት» የሚል ማዕረግ ያለው የሩሲያ መኳንንት ከሶርያዋ ትሪፖሊ (ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ናት) እስከ ኩዌት የባቡር ሐዲድ ልዘርጋ ብሎ ቱርክን ፈቃድ ጠየቀ። የሐዲድ ወሬ ሲሰማ በእንግሊዝ ሥር የነበረው የህንድ መንግሥት ተነሳ። ሎርድ ከርዘን የህንድ እንደራሴነቱን የያዘው ጥር መጀመሪያ 1899 ነው፤ የሙባረክና የእንግሊዝ ውል የተፈረመው በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ነው። በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ከፋርሷ ቡሽህር የመጣው የባሕረ ሰላጤው የእንግሊዝ ዋና ወኪል (ሬዚደንት) ኮሎኔል ሚድ ነው።

ውሉ የሚለው አጭር ነገር ነው። ሙባረክ፣ ወራሾቹም፣ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ የማንንም መንግሥት ወኪል ኩዌት ውስጥ አይቀበሉም፤ መሬትም ለሌላ መንግሥት ወይም ዜጋ አይሸጡም፣ አያከራዩም፣ በመያዣ አይሰጡም። በምላሹ 15,000 ሩፒ፣ እንዲሁም እንግሊዝ ትረዳሃለች የሚል ቃል። ሁሉም በምስጢር እንዲቀመጥ ተስማሙ።

እኔ እዚህ ጋ ጠመኔዬን አስታወስኩ። ውጫሌ የተፈረመው በ1889 ነው፤ ይኼኛው ልክ በአሥር ዓመቱ። እኛ ጋ ጸቡ የመጣው የጣልያንኛው ቅጂ አጤ ምኒልክ ከሌላ መንግሥት ጋር የሚነጋገሩት በጣልያን በኩል ብቻ ነው ስላለና አማርኛው ይኼን ስላላለ ነው። ሙባረክ ግን ያንን ዓይነት ነገር እያወቀ ፈረመ። ሁለቱን እኩል አድርጌ መፍረድ አልችልም፤ ምኒልክ ሠራዊት ነበራቸው፣ ተራራ ነበራቸው። ሙባረክ ያለው ባሕር፣ ጀልባና ምላሱ ነው። የተማሪዎቼን ፊት በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ ነበር የማዳምጠው፤ ቢኖሩ ስንት ጥያቄ ያነሱ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ደግሞ የውሉን ጥቅም ያሳያል። በ1900 መጀመሪያ በኢስታንቡል የጀርመን ጠቅላይ ቆንስል ሽተምሪህ ኩዌት መጣ፤ ጀርመኖች የያዙት የባግዳድ ባቡር መጨረሻው ባሕረ ሰላጤው ዳር ካዚማ ላይ እንዲሆን መሬት ፈለገ። ሙባረክ እምቢ አለ። ኡስታዝ እዚህ ጋ ቆም አሉና አንድ ጥሩ ነገር ተናገሩ፤ ለጀርመኑ እውነተኛውን ምክንያት መንገር አይችልም ነበር፣ ወረቀቱ ምስጢር ነውና። ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ ለመጣ እንግዳ፣ የተደበቀ ውል ሳይጠሩ እምቢ ማለት ምን ዓይነት ብልሃት እንደሚጠይቅ አስቡት።

በ1901 መጋቢት ሙባረክ ሳሪፍ ላይ በመሐል ዓረቢያው ገዥ በኢብን ረሺድ ክፉኛ ተሸነፈ። ነሐሴ ላይ የቱርክ ጦር መርከብ ዙሃፍ ወደብ ደረሰች፤ የእንግሊዟ ፐርሲየስ ወታደር እንዳታወርድ ከለከለቻት። መስከረም ላይ ለንደንና ኢስታንቡል ነገሩ ባለበት ይቆይ ብለው ተስማሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቫርያግ የምትባል ትልቅ የሩሲያ መርከብ ለጉብኝት መጣች፤ ሙባረክም የመጣውን ሁሉ በክብር ተቀበለ። በ1903 ከርዘን ራሱ መርከቦቹን አስከትሎ ኩዌት ገባ። በ1904 ኖክስ ተሾመ፤ ቱርክ ተቃወመችና ለጥቂት ወራት ወጥቶ በ1905 ተመለሰ።

የዲክሰን ቤት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሙባረክ ሥልጣን ከያዘ ከስምንት ዓመት በኋላ። ጉብኝቱ ተገልብጧል የምለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ገበያው ውስጥ የተቀመጠውን ሰውዬ ብታዩት፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ወርዳችሁ የሰጠውን ቤት ብታዩት፣ ቤቱ ራሱ ሌላ ነገር ይሆናል። ቤቱን የሰጠው እሱ ነው እኮ። በ1907 ደግሞ የሹዋይኽን ዳርቻ በዓመት 60,000 ሩፒ ለእንግሊዝ አከራይቷል። እንዲህ ዓይነት ሰው ተጠባቂ ብቻ ተብሎ አይተረክም።

ይሁንና ኡስታዝ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዱብኝ። «ሙባረክ ሁሉንም እንደ ፈለገ ተጫወተባቸው» አሉ። እኔ አልተስማማሁም፤ ሚኒባሱ ውስጥ በትሕትና ተከራከርን። ሐምሌ 1913 እንግሊዝና ቱርክ እሱ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ በኩዌት ዙሪያ ጠበብ ያለ ቀይ ክብና ከሱ ውጭ ሰፊ አረንጓዴ ክብ አሰመሩ፤ በስምምነቱ ኩዌት የኦቶማን ግዛት አካል ተባለች፣ ባንዲራዋም የቱርክ ሆኖ ስሟን ብትጽፍበት ተፈቀደላት። ያ ስምምነት ሳይጸድቅ ጦርነት መጣ። ሙባረክ በ1915 ሞተ፤ በ1922 ደግሞ ኡቀይር ላይ እንግሊዛዊው ፐርሲ ኮክስ ድንበሩን ሲያሰምር ከቀዩ ክብ ውጭ የነበረው ሰፊ መሬት ለነጅድ፣ ለዛሬዋ ሳዑዲ፣ ሄደ። ተጫዋቹ ብልህ ቢሆንም ካርታው በሌሎች እጅ ነበር። ኡስታዝ ራሳቸውን ነቀነቁና «ኡስታዛ፣ ይኼም እውነት ነው» አሉኝ።

ስለ አገልግሎቱ የቀረውን ላሳጥር። ሚኒባሱ ንጹሕ ነው፣ ሰዓት ያከብራሉ፣ ውኃ ይሰጣሉ። የታተመች ካርታ ይሰጣሉ፤ ጽሑፏ ደቃቅ ስለሆነ መነጽር ለምታደርጉ አትነበብም። ስልክ ላይ «የሦስት ቦታ ጉብኝት» ብለውኝ ነበር፤ ሦስተኛው የድሮው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሲሆን ከመኪና መስኮት ብቻ አሳዩንና አለፉ። በ1914 የተሠራ ቤት ነው፤ ሰው ከፍሎ መጥቶ ቢያንስ ወርዶ ማየት አለበት። ይኼ ስህተት መታረም ያለበት ነው።

እዚህ ለምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ የምለው፣ ዕረፍት ቀናችሁ ከገጠመ ሂዱ። የኪዮስኩ ሃያ ደቂቃና የመምህሩ እውቀት ገንዘቡን ይመልሳል። መኪናው ውስጥ ከመምህሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጠይቋቸው፣ ይመልሳሉ። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ግን አትሞክሩት፤ ገበያው ውስጥ በእግር ነው የሚኬደው። ታኅሣሥና ጥር ይሻላል።

ለቢሮው በጽሑፍ መልእክት ልኬላቸዋለሁ፦ ጉብኝቱን ከኪዮስኩ ጀምሩ፣ ለዲክሰን ቤት አርባ ደቂቃ ይበቃል፣ ሆስፒታሉ ጋ አውርዱን። «ለአስጎብኚው እንነግራለን» የሚል መልስ መጥቷል። በየካቲት የአክስቴን ልጅ ይዤ ደግሜ ተመዝግቤያለሁ።