ሁለቴ የተነከረ የበግ ሳንድዊች፦ ፊሊፕ ዘ ኦሪጅናል፣ ሎስ አንጀለስ

መጀመሪያ ትእዛዙን ልንገራችሁ። በግ፣ ሁለቴ የተነከረ። ሰናፍጩን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው፤ ወሬውም ቢሆን ደስ ይላል፣ እደርስበታለሁ።

ቤቱ ፊሊፕ ዘ ኦሪጅናል ይባላል። የሎስ አንጀለስ ሰው ግን አሳጥሮ ፊሊፕስ ነው የሚለው። አላሜዳና ኦርድ ጎዳናዎች ጥግ ላይ ነው፤ ከዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ በእግር ትንሽ ነው። እኛ አበሾች ሥጋ ሲያምረን እግራችን ወደ ፌርፋክስ ነው የሚያቀናው፣ ወደ ትንሿ ኢትዮጵያ። እኔም ስንት ጊዜ በዚህ ቤት በር እያለፍኩ ገብቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ማክሰኞ የባለቤቴን አጎት ይዤ ገባሁ። ጋሼ ነው የምንላቸው። «ፈረንጅ ደግሞ ሥጋ መጥበስ መቼ ያውቃል?» የሚሉ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከሳቸው የተሻለ ዳኛ አልነበረኝም።

ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል። ጋሼ ገና በሩ ላይ ቆም ብለው ጫማቸውን አዩና «እንጨት ቤት ነው እንዴ ያመጣኸኝ?» አሉኝ። ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ፤ ከማታውቁት ሰው ጎን በርጩማ ስባችሁ ትቀመጣላችሁ። ከፊት ለፊት ረጅም ባንኮኒ አለ፤ ከኋላው ሴቶች ቆመው ሥጋ ይቆርጣሉ። በየሴትዮዋ ፊት አንድ አንድ ሰልፍ አለ። አስተናጋጅ መጥቶ ያዘኛል ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ስትጠብቁ ትውላላችሁ። ትእዛዝ የምትቀበለውም፣ ሥጋውን የምትቆርጠውም፣ ሒሳቡን የምትሠራውም ያችው አንዷ ሴት ናት።

ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ግን ይሄዳል። ተራችን ሲደርስ ሴትዮዋ ቀና ሳትል «ምን ሥጋ?» አለች። በሬ፣ በግ፣ አሳማ፣ ሃም (እሱም የአሳማ ነው)፣ ተርኪ፣ ፓስትራሚ (በቅመም የተዘፈዘፈ የበሬ ሥጋ) አለ። በግ አልኳት። «አንዴ፣ ሁለቴ ወይስ ርጥብ?» አለች። ይኼ ጥያቄ የቤቱ ቁልፍ ነው። ዳቦው በጥብሱ መረቅ ውስጥ ምን ያህል ይነከር ማለቷ ነው። ርጥብ ካላችሁ በእጅ መብላቱን እርሱት፤ ሹካ ያስፈልጋችኋል። እኔ ሁለቴ አልኩ።

እጇን እያየሁ ነበር። ዳቦውን ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን በመቆንጠጫ ይዛ ትኩሱ መረቅ ውስጥ ከተተችው፣ አወጣችው፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ስታነሳው ይንጠባጠባል። በስስ የተቆረጠውን በግ ከመሀል ቆለለችበት፣ ክዳኑን ጫን አደረገች፣ በቢላ መሀሉን ለሁለት አለችውና የወረቀት ሳህን ላይ አኖረችው። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃም አልፈጀም።

አሁን ስለ ዳቦው። ላዩ ጠንካራ የፈረንሳይ ዳቦ ነው። ከውጭ ትንሽ ይከረከማል፤ ከውስጥ መረቁን ጠጥቶ ለስልሷል። ወጥ ሲጠጣ ቆይቶ ትሪው ላይ የሚቀረውን የመጨረሻውን እንጀራ የምትወዱ ከሆነ ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቷችኋል። ብዙ የአሜሪካ ምግብ ቤቶች መረቁን በትንሽ ስኒ ለብቻው ነው የሚሰጧችሁ፤ አጥቅሳችሁ ብሉ ነው ነገሩ። አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ እንዲህ ብለው ስኒው ከኔ እኩል እስኪቀዘቅዝ አስጠብቀውኛል። እዚህ ግን ዳቦው ባንኮኒው ላይ ተነክሮ ስለሚመጣ ሙቀቱ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ይቆያል።

በጉ የበግ ሽታ አለው። ይኼን የምለው ለማመስገን ነው። ለፈረንጅ ምላስ ሲባል ጣዕሙ ያልጠፋበት በግ በዚህ አገር ብዙ አታገኙም። ብሉ ቺዝ የሚባለውን ሽታው ኃይለኛ አይብ ጨምሩበት የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ሁለት ኃይለኛ ነገር አንድ ዳቦ ውስጥ ይጣላል።

የጠረጴዛው ንጉሥ ግን ሰናፍጩ ነው። ቤቱ ራሱ የሚሠራው ነው፤ በየጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ቢጫ ነገር ባዩ ጊዜ ሆት ዶግ ላይ የሚጨመረው ጣፋጩ መስሏቸው በደንብ ቀቡት። አንዴ ጎረሱ። ዝም አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ከዚያ በደስታ ጠረጴዛውን መቱ። «ይቺማ የኛ ሰናፍጭ ናት! ጥሬ ሥጋ አምጡ!» አጠገባችን የተቀመጡት ሰውዬ ምንም ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ስለ ፈረንጅ ጥብስ ያሉት ነገር የለም። ሁለተኛ ሳንድዊች ግን አዘዙ፣ የበሬ።

ወደ ወሬው ልምጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱን በ1908 የከፈተው ፊሊፕ ማቲዩ የሚባል ከፈረንሳይ የመጣ ስደተኛ ነው። የተነከረው ሳንድዊች የተጀመረው በ1918፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሚያበቃበት ዓመት እንደሆነ ቤቱ ይናገራል። እንዴት ተጀመረ ለሚለው መልሱ ብዙ ነው። የታወቀው ወሬ ማቲዩ ለአንድ ፖሊስ ሳንድዊች ሲያዘጋጅ ዳቦው አምልጦት ትኩስ መረቅ ያለበት መጥበሻ ውስጥ ወደቀ የሚለው ነው። ፖሊሱ ግድ የለም ብሎ በላው፤ በማግስቱ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። እዚያው መሀል ከተማ እሱም በ1908 የተከፈተ ኮልስ የሚባል ሌላ ቤት «እኛ ነን የጀመርነው» ሲል ኖሯል። ድዱ ያመመው ደንበኛ ጠንካራውን ዳቦ አለስልሱልኝ ስላለ ነው ብለው ነው የሚያወሩት። በዚህ ነገር ሎስ አንጀለሶች እስከዛሬ ይከራከራሉ። እኔ የማምነው ማቲዩ ራሱ በስተርጅና ለጋዜጣ የተናገረውን ነው፤ ደንበኛው መጥበሻው ሥር የቀረውን መረቅ አይቶ ዳቦዬን ንከርልኝ አለ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። መረቅ ሲቀር ዳቦ ማጥቀስ ፈልሳፊ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ ርሃብ ይበቃል።

በ1927 ማቲዩ ሥራ በቃኝ ብሎ ቤቱን ለሦስት ወንድማማቾች ሸጠው፤ ሃሪ፣ ዴቭና ፍራንክ ማርቲን ይባላሉ። ከነሱ የአንዱ ዘር ነው እስካሁን የያዘው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ቀንም ሌሊትም አይዘጋም ነበር። ለምን እንደማይዘጋ ለመረዳት የዚያን ጊዜዋን ከተማ ማሰብ ነው። በ1920 ሎስ አንጀለስ 577 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት። በ1930 ከ1.2 ሚሊዮን አለፈች። በአሥር ዓመት ከእጥፍ በላይ! ነዳጅ፣ ፊልም፣ ወደብና የመሬት ሽያጭ ሰዉን ጠራው። ያ ሁሉ ሰው የት ያድራል? ከመሀል ከተማው በላይ ባለው ባንከር ሂል ላይ የሀብታሞች የነበሩ ትልልቅ ቤቶች ተሸንሽነው ክፍል በክፍል ይከራዩ ነበር። አልጋ አለ፣ ምድጃ የለም። በአንዲት ክፍል የሚኖር ወንደላጤ ውጭ ይበላል፤ የሚበላውም ቶሎ የሚደርስ፣ ሆድ የሚይዝና ኪስ የማይጎዳ ነገር ነው። ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ስለነበር ደግሞ ከሥራ በኋላ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ቡና ቤት ነው፣ በቡናው።

ያኔ ቤቱ አሊሶ ጎዳና ላይ ነበር፣ የፈረንሳዮች ሰፈር በነበረበት። የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቀይ ባቡሮች በዚያው ጎዳና እያለፉ ወደ ፓሳዲናና ወደ ምሥራቁ ይወጣሉ። ዛሬ መኪና የሌለው ሰው እግሩን ያጣ በሚመስልባት ከተማ፣ ያኔ የኤሌክትሪክ ሐዲዱ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ሐዲዱ ተነቅሏል። አሊሶም ፍሪዌይ የሚባለው የመኪና ፈጣን መንገድ መጣበትና ቤቱ በ1951 አሁን ወዳለበት ተዛወረ። ስለዚህ ግድግዳውን እየዳሰሳችሁ «የ1920ዎቹ ነው» እንዳትሉ። ሰጋቱራው፣ ጥጉ ላይ ያሉት የእንጨት የስልክ ክፍሎች፣ በሩ አጠገብ ያለው የከረሜላ መደብ፣ ሁሉም ያሳስታል።

የአሜሪካ ኢኮኖሚ በወደቀበት በድህነቱ ዘመን፣ ከ1929 በኋላ፣ መሀል ከተማው ርካሽ ምግብ ቤት እንደ ልብ ነበረበት። ክሊፎርድ ክሊንተን የሚባል ሰው በ1931 ክሊፍተንስ ካፌቴሪያን ከፍቶ «የቻልከውን ክፈል፣ ከሌለህም ብላ» የሚል ሕግ አወጣ። ፊሊፕስ እንዲህ አላደረገም፤ የቡናውን ዋጋ ግን ያዘው። አንድ ስኒ 5 ሳንቲም ነበር፣ እስከ 1977 ድረስ። ከዚያ 10 ሆነ፤ በ2012 ወደ 45 ሳንቲም ሲያድግ የከተማው ጋዜጦች ዜና አደረጉት። የጀበና ቡና ለለመደ ሰው ቀጭን ነው፤ በዋጋው ግን አፍ የለኝም። ሳንድዊቹ ግን የድሮ ዋጋ አይደለም፤ ከአሥር ዶላር በላይ ያዙ።

ከበላን በኋላ ጋሼ እግራቸውን ማፍታታት ፈለጉና ወደ ኦልቬራ ጎዳና ወረድን፣ ቅርብ ነው። በ1930 የሜክሲኮ ገበያ ተብሎ ለጎብኚ የተከፈተ መንገድ ነው፤ ባለቀለም፣ ዘፈን የሞላበት። በሚቀጥለው ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1931፣ እዚያው አጠገብ ያለውን አደባባይ ፖሊሶችና የኢሚግሬሽን ሰዎች በድንገት ከበው 400 ያህል ሰው አግተው ወረቀት ጠየቁ። ፀሐይ ሊሞቁ የወጡ ሰዎች ናቸው። በነዚያ ዓመታት ብዙ ሜክሲኮአውያን፣ እዚሁ የተወለዱ ልጆቻቸው ጭምር፣ በባቡር ተጭነው ተመለሱ። ዩኒየን ስቴሽን ራሱ በ1939 ሲከፈት የቆመው የድሮው የቻይናዎች ሰፈር በፈረሰበት ቦታ ላይ ነው። የተነሡት ቻይናውያን በ1938 አዲስ ሰፈር ከፈቱ፤ ፊሊፕስ ዛሬ ያለው በዚያ ሰፈር ጫፍ ነው።

ጋሼ ይኼን ሁሉ ሲሰሙ «እኛስ ያኔ ብንመጣ የት እናድር ነበር?» አሉ። መልሱ ሴንትራል አቬኑ ነው፣ የጥቁሮች ሰፈር የነበረው ጎዳና። በ1928 ጆን ሶመርቪል የሚባል ጥቁር የጥርስ ሐኪም እዚያ ሆቴል ሠራ፤ ቆይቶ ደንባር ተባለ። ዱክ ኤሊንግተንን የመሰለ ሙዚቀኛ እንኳ መሀል ከተማው ሆቴሎች አይቀበሉትምና እዚያ ነበር የሚያድረው። ስለ 1920ዎቹ ሲወራ ጃዙን ብቻ የሚያነሳ ሰው ስሰማ ይኼ ትዝ ይለኛል።

ስለ ሌላው ምግብ ባጭሩ። በቀይ ሥርና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው እንቁላል አለ፤ አንድ ሞክሩ፣ ከሰናፍጩ ጋር ይስማማል። የድንች ሰላጣው ደህና ነው። የጥቅል ጎመን ሰላጣው ለኔ ምላስ አልሆነም፤ ጋሼ ግን ጨረሱት። ለጣፋጭ ኬኩን ትታችሁ በምድጃ የተጋገረውን ፖም ውሰዱ። ቢራና ወይንም አለ።

ረቡዕና ዓርብ ከምትፆሙ ወገን ከሆናችሁ በነዚያ ቀናት አትምጡ፤ ቤቱ የሥጋ ነው። አሳማ የማትበሉ ደግሞ ልብ በሉ፤ ሁሉም ሥጋ በአንድ ባንኮኒ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ መረቁ ከምን እንደሆነ ሳትጠይቁ አታዙ። ከኋላ የመኪና ማቆሚያ አለ። የዶጀርስ ቤዝቦል ስታዲየም ቅርብ ስለሆነ ጨዋታ ባለበት ምሽት ሰልፉ ይበዛል። ጠዋት በማለዳ ስለሚከፍቱ በባቡር ለምትጓዙ ቁርስም ይሆናል። ጋሼ ለሚስታቸው አንድ አስጠቅልለው ወሰዱ፤ ለሚወስድ ሰው ምክሬ አንዴ ብቻ አስነክሩት፣ ሁለቴ የተነከረው ቤት ሳይደርስ ይበተናል።