ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ፦ አዲሱ ሕንፃ ወይስ አሮጌው?

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ባለ አንድ መኝታ፣ በሩ በፎብ (በትንሿ የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ) የሚከፈት፣ ሰው ዝም ብሎ የማይገባበት፣ የቱ ይሻላል? ሁለቱንም ኖሬባቸዋለሁ። አሮጌው።

መጀመሪያ የገባሁት የሚያብረቀርቀው ውስጥ ነበር። ማስታወቂያው 1,895 ዶላር ይላል። ከዚያ ፓርኪንግ 125፣ «አሜኒቲ» የሚሉት (እንደ ጂም ላሉ የጋራ አገልግሎቶች) 45፣ ቆሻሻ 30፣ ተባይ ማጥፊያ 5 (አንድ በረሮ አላየሁም፣ ግን ከፈልኩ)፣ ውሃ 60 ገደማ፣ መብራት 110። ደምሩት፣ 2,270። ጂሙን ዓመቱን ሙሉ ሁለቴ ብረግጠው ነው።

እሱም 1,895ቱ እውነተኛው ኪራይ ቢሆን ነው። «አንድ ወር ነፃ» ያሉትን ለ12 ወር አካፍለው ነው ያሳዩኝ እንጂ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ ያለው 2,067 ነው፤ ሊዙ ሲታደስ ጭማሪው የሚነሳው ደግሞ ከዚያ ነው። 2,250 አሉኝ። ጭማሪው ጣሪያ የለውም እንዴ? አለው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የዓመቱ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ አድርጓል፣ ግን ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላውን ሕንፃ አይነካም። ስለዚህ ኩሽናውን ከማድነቃችሁ በፊት መቼ እንደተሠራ ጠይቁ።

በሩስ? የሚከፈተው በስልክ ነው። ጥር ላይ ባትሪዬ ሞቶ ደጅ የቆምኩባትን ማታ አልረሳትም። የጋራዡ በር ተሰብሮ ሰባት ሳምንት ክፍት አደረ፣ የፓርኪንጉን 125 ግን አንድም ወር አልቀነሱልኝም።

አሁን ያለሁበት አሮጌ ነው። 1,640፣ መብራቱም ውሃውም ማሞቂያውም እዚያው ውስጥ፣ ፓርኪንግ 40። አለቀ። በወር 590 ዶላር ልዩነት! እንከን የለውም አልልም። ከሁለቱ ሊፍት አንዱ ሁሌ እንደታመመ ነው፣ ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት ወርዶ ነው፣ ማሞቂያውን ለሕንፃው በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚቀይሩት ሚያዝያ ላይ መስኮት ከፍታችሁ ታልባላችሁ። ማታ ግን በር ላይ ሰው አለ። ያውቀኛል፣ ፓኬጄንም ያስቀምጥልኛል።

ፎብ ግን ውጭ ኮፒ አታስደርጉ። ለወንድሜ 20 ዶላር ከፍዬ አስቀዳሁለት፣ ዘጠኝ ቀን ሠራች። ሲስተሙን ሲያድሱት ሞተች። ከዚያ ኦፊሱ ለዋናው 75 ተቀበለኝ። ከጅምሩ 75 ብከፍል ኖሮ!

ዲፖዚት (ስትገቡ የምታስይዙት ገንዘብ) ላይም አትታለሉ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በሚፈረም ሊዝ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ አይችሉም፣ ስትወጡም በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። ቤቱን የገባችሁ ቀን ፎቶ አንሱት፣ የምድጃውን ውስጥ ሳይቀር።

ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሂዱና በሩ አጠገብ ሩብ ሰዓት ቁሙ። ስንቱ ያለ ፎብ እንደሚገባ ቁጠሩ። እኔ አዲሱ ሕንፃ ጋ ስቆጥር ስድስት ሰው ገባ፣ ስልኳን አውጥታ የከፈተችው አንዷ ብቻ ናት። ይሉኝታ ይዟት መሰለኝ፣ ለአምስቱ በሩን ይዛ የቆመችላቸውም እሷው ናት።