ግድባችሁ ውሃ ካሰረገ፦ ራዳር፣ ኢአርቲ ወይስ ኤስፒ?

በግንቦት ሙቀት ከአፈር ግድባችሁ ጀርባ እግሩ ስር ሳሩ ለምልሞ ከታየ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይቆፈር ማየት ይቻላል፣ ቁፋሮውማ በራሱ ለውሃው ሌላ መንገድ ሊከፍትለት ይችላል። ጥያቄው የቱ ላይ ብር ላውጣ ነው።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ሞገድ ወደ መሬት ልኮ የሚመለሰውን የሚያነበውን ራዳር (ጂፒአር) ነው፣ ፈጣን ነዋ፣ እንደ ጋሪ እየተጎተተ ምስሉ እዛው ስክሪን ላይ ይመጣል። ግን የእነዋሪ ዙሪያ ዓይነት ጥቁር ዋልካ ላይ አይሰራም፣ እርጥብ ሸክላ አፈር ሞገዱን ውጦ ያስቀረዋል፣ ከአንድ ሁለት ሜትር በታች የረባ ነገር አታዩም። አሸዋማ አፈር ላይ ከሆነ ወይ ኮንክሪት ስር የተቦረቦረ ቦታ ለመፈለግ ከሆነ ግን አሪፍ ነው።

ኢአርቲ፣ አፈሩ ከረንትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካው፣ ብረቶች (ኤሌክትሮዶች) በግድቡ አናት ላይ ደርድሮ ከረንት ይለቃል፣ እርጥብ ቦታ ከረንቱን በቀላሉ ያሳልፋል። 48 ኤሌክትሮድ በ2 ሜትር ርቀት ቢተከል መስመሩ 94 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ የዚያ አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ለትንንሽ የመስኖ ግድብ ይበቃል። ድንጋይ የተነጠፈበት ላይ ብረቱ አፈር ስለማይነካ ስሩ ጨው የገባበት ውሃ ይፈስበታል፣ ይሄን የማያደርግ ባለሙያ ከመጣ ተጠራጠሩ። ዋናው ጣጣው የግድቡ እምብርት ሸክላም ራሱ ከረንት ማሳለፉ ነው፣ ስለዚህ ምስሉ ላይ ሰማያዊ (ከረንት በቀላሉ የሚያሳልፍ) የሆነ ሁሉ ፍሳሽ አይደለም። ለዚህ ነው ሁለቴ መለካት ያለበት፣ ከክረምት በኋላ ግድቡ ሲሞላ እና ግንቦት ላይ ሲጎድል፣ ከዛ በመሃል የተለወጠውን ማየት።

ኤስፒ፣ መሬት ውስጥ በራሱ የሚፈጠረውን ቮልቴጅ የሚለካው፣ ርካሹ ነው፣ ቮልቲሜትር፣ ረጅም ሽቦ እና መዳብ ሰልፌት የተሞሉ ሁለት የሸክላ ኤሌክትሮዶች፣ በቃ። ውሃ በአፈር ውስጥ ሲሄድ ጥቂት ሚሊቮልት ይፈጥራል፣ ስለዚህ የረጠበውን ሳይሆን የሚሄደውን ውሃ ነው የሚያሳየው፣ ይሄን ሌሎቹ አይችሉም። ጥልቀቱን ግን በደንብ አይነግርም፣ የተቀበረ የብረት ቱቦ ካለ ደግሞ የዝገቱ ቮልቴጅ የውሃውን ይሸፍነዋል። ሴይስሚክ (መሬቱን መትቶ ንዝረቱን የሚለካው) የላላ አፈር እንጂ ፍሳሽ አያሳይም፣ እሱን ለጥገናው ጊዜ አቆዩት።

እኔ ብሆን ለአንድ ብቻ ብር ካለኝ ኢአርቲ፣ ትንሽ ከተጨመረ ኤስፒን አብሬ አሰራለሁ፣ ሁለቱ የተስማሙበት ቦታ ብቻ ይቆፈር። ጥሬ ዳታውንና የመስመሩን ጂፒኤስ ተቀበሉ፣ አለበለዚያ ለከርሞ ማነጻጸሪያ የላችሁም። የሚወጣው ውሃ ደፍርሶ ከመጣ ግን አፈሩን እየበላው ስለሆነ ሰርቬይ ምናምን ሳትጠብቁ ውሃውን ዝቅ አድርጉና ኢንጂነር ጥሩ።