በሆቴል ዋይፋይ ገንዘብ የምታንቀሳቅሱ ወገኖች፣ ተጠንቀቁ

ለሥራም ሆነ ለበዓል ተጉዛችሁ ሆቴል የምታርፉ ሁሉ ይህን አንብቡ። በተለይ ዕቃ ለማምጣት ወደ ዱባይና ወደ ቻይና የምትመላለሱ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም ከውጭ ወደ አገር ቤት ስትመጡ ሮሚንግ እየተወደደባችሁ ቀኑን ሙሉ በሆቴል ዋይፋይ የምትውሉ እናንተ፣ ጉዳዩ የእናንተ ነው።

«ነጻ ዋይፋይ» ተብሎ የሚሰጠን ነገር ነጻ አይደለም። ዋጋው ከክፍል ኪራዩ ጋር ተደምሮ ተከፍሏል፤ አደጋው ግን ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። ስትገናኙ ብቅ የሚለውን፣ ሁሉም ሰው ሳያነብ «እስማማለሁ» ብሎ የሚያልፈውን ገጽ እስቲ አንድ ጊዜ እስከ ታች ድረስ አንብቡት። ብዙውን ጊዜ ሆቴሉ በመስመሩ ላይ ለሚደርስባችሁ ጉዳት ተጠያቂ እንደማይሆን የሚገልጽ አንቀጽ ታገኛላችሁ። በገንዘባችን የገዛነው አገልግሎት ጉዳት ሲያደርስብን ባለቤት የለውም ማለት ነው።

በአንድ የቅርብ ዘመዴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ስልኩን ሲከፍት የሆቴሉን ስም የያዙ ሁለት መስመሮች አየ። በአንደኛው ስም መጨረሻ ላይ «እንግዳ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል፤ ጉልበቱም ከሌላው ይበልጣል። እሱን መረጠ። የሆቴሉ አርማ ያለበት ገጽ ተከፈተና የኢሜይል አድራሻውንና የኢሜይሉን የይለፍ ቃል እንዲያስገባ ጠየቀው። አስገባ፤ ኢንተርኔቱም ሠራ። ስለሠራም ምንም አልጠረጠረም። ከሳምንታት በኋላ ዕቃ አቅራቢው የላከው የሚመስል የክፍያ ሰነድ መጣለት። የዕቃው ዓይነትና ብዛት ትክክል ነው፤ አጻጻፉም አቅራቢው ሁልጊዜ የሚጽፍበት ነው። የተለወጠው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነበር። ሌባው ደብዳቤዎቹን ሲያነብ ስለከረመ የማያውቀው ነገር አልነበረም። ገንዘቡ በዚያው ሄደ።

እውነተኛ የሆቴል መስመር የክፍል ቁጥራችሁንና ስማችሁን ሊጠይቅ ይችላል። የኢሜይላችሁን ወይም የፌስቡካችሁን የይለፍ ቃል የሚጠይቅበት ምክንያት ግን በፍጹም የለውም። እንዲህ ያለ ገጽ ባያችሁበት ቅጽበት ዝጉትና ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዳችሁ ትክክለኛውን የመስመር ስም ፊደል በፊደል ጠይቁ። ወጥመዱን ለመዘርጋት ደግሞ ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በአገር ውስጥ በረራዎች ላይ ሐሰተኛ ዋይፋይ ዘርግቷል ያለውን አንድ ግለሰብ ሲከስ፣ በእጅ ሻንጣው ውስጥ አገኘሁ ያለው አነስተኛ የዋይፋይ መሣሪያ፣ ላፕቶፕና ስልክ ነበር። የተንኮሉም መንገድ ይኸው የኢሜይልና የማኅበራዊ ሚዲያ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ነው።

ትክክለኛውን መስመር መርጦ መግባትም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ «ዳርክሆቴል» ብሎ የሰየመውን ዘመቻ ይፋ አድርጎ ነበር። ጥቃት አድራሾቹ በእስያ የሚገኙ የቅንጡ ሆቴሎችን መረብ አስቀድመው ሰብረው ገብተው፣ የሚፈልጉት የኩባንያ ኃላፊ ክፍል እስኪይዝ ድረስ ይጠብቃሉ። ሰውየው ስሙንና የክፍል ቁጥሩን አስገብቶ ሲገናኝ፣ እንደ አዶቤ ፍላሽ ያለ የታወቀ ፕሮግራም አዲስ እትም እንዲጭን የሚጋብዝ መስኮት ይመጣለታል። የሚጭነው ግን የሚጽፈውን ሁሉ የሚቀዳ ሰላይ ነው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ዱካቸውን ከሆቴሉ መረብ ላይ ያጠፋሉ። ስለዚህ ሆቴል ውስጥ ሆናችሁ «አድስ» ወይም «ጫን» የሚል መስኮት ከመጣባችሁ እንቢ በሉ። ማደስ ካስፈለገ ከመነሳታችሁ በፊት ቤታችሁ አድሱ።

«የይለፍ ቃል ስላለው አስተማማኝ ነው» የሚለው መጽናኛም ብዙ አያስኬድም። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ በፕላስቲክ ተለብጦ የተቀመጠው፣ ከሆቴሉ ስምና ከስልክ ቁጥሩ ተቀጣጥሎ የተሠራው ቃል ለዛሬው እንግዳም፣ አምና ለወጣውም፣ ምድር ቤት ቡና ጠጥቶ ለሄደውም አንድ ነው። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መተኛት ነው። ደብልዩፒኤ2 በሚባለው የተለመደ የዋይፋይ መቆለፊያ አሠራር፣ ያንን የጋራ ቃል የያዘ ሰው ስልካችሁ ሲገናኝ ጠብቆ ካደመጠ ግንኙነታችሁን ለመፍታት ይችላል።

ያለ ልክ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾችና የባንክ መተግበሪያዎች የምትልኩትን መረጃ ራሳቸው መስጥረው (ሌላ ሰው ሊያነበው ወደማይችል ጽሑፍ ቀይረው) ስለሚልኩ፣ ጎረቤት ክፍል ያለ ሰው መስመሩን በማድመጥ ብቻ የሒሳባችሁን ምስጢር አያገኝም። ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ ምስጥሩን በመፍታት አይደክምም፤ እናንተው ጽፋችሁ እንድትሰጡት ያደርጋል። ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ሲያስጠነቅቃችሁ «ቀጥል» የሚለውን አትንኩ የምለውም ለዚህ ነው።

ለባንክ፣ ለቴሌብርና ለሥራ ኢሜይል የስልካችሁን የሞባይል ዳታ ተጠቀሙ። ኢትዮጵያ ስትመጡ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ላፕቶፓችሁንም ከስልካችሁ ላይ ማገናኘት ይቻላል። ሆቴል ይህን ሊከለክላችሁ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ማሪዮት የተባለውን የሆቴል ኩባንያ 600,000 ዶላር ያስከፈለው፣ ናሽቪል በሚገኝ ሆቴል የስብሰባ ተሳታፊዎች የራሳቸውን ሆትስፖት (ከሞባይል ዳታ የሚሠራጭ ዋይፋይ) እንዳይጠቀሙ ሲያግድ ስለተገኘ ነበር። ለሆቴሉ ዋይፋይ ግን በአንድ መሣሪያ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ይጠየቅ ነበር።

የሆቴሉን ዋይፋይ ለዜናና ለፊልም ብቻ ተጠቀሙበት። ስትወጡም መስመሩን ከስልካችሁ ዝርዝር ሰርዙት፤ አለበለዚያ ስልኩ ተመሳሳይ ስም ባገኘበት ሁሉ ሳይጠይቃችሁ ሊገናኝ ይችላል። ነጻ ቪፒኤን (ግንኙነታችሁን መስጥሮ በሌላ ኩባንያ በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ነኝ የሚልን ያልታወቀ መተግበሪያ መጫን ደግሞ ምስጢራችሁን ከአንድ የማታውቁት እጅ ወደ ሌላ የማታውቁት እጅ ማዛወር ነው።

እንዲህ ባለ ገጽ ላይ የይለፍ ቃላችሁን ያስገባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ በሞባይል ዳታ ቀይሩት። ከሁሉም መሣሪያዎች ውጡ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ) ክፈቱ። የኢሜይላችሁን ቅንብር ገብታችሁ ደብዳቤ ወደ ማታውቁት አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ሌቦቹ የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ በኋላም የሚያነቡት በዚያ ነው። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ የሚገልጽ ደብዳቤ የደረሳችሁ ነጋዴዎችም ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ደውሉ፤ የምትደውሉትም በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በምታውቁት የአቅራቢው ስልክ ይሁን።