ዳሽ 8-400፦ ፍጥነቱ የሚያዋጣው የት ነው?

ዳሽ 8-400ን፣ በተለምዶ ኪው 400 የሚባለውን፣ የሚመርጥ አየር መንገድ መጀመሪያ ማስላት ያለበት የመስመሮቹን ርዝመት ነው። ይህ ቱርቦፕሮፕ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን በተርባይን ሞተር የሚያዞር አውሮፕላን፣ በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ተፎካካሪው ኤቲአር 72-600 ደግሞ 510 አካባቢ። መውጣትና መውረዱን ትተን ብናሰላ በ300 ኪሎ ሜትር መስመር የሚተርፈው 8 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በ900 ኪሎ ሜትር ግን 25 ደቂቃ ይሆናል። መስመሮቹ አጫጭር ለሆኑበት ድርጅት ኤቲአር ይሻለዋል። ርቀት ላለበት፣ ተራራ ለበዛበት ግን ይህን የሚተካ የለም።

ፍጥነቱ የመጣው ከጉልበት ነው። እያንዳንዱ ሞተር 5,071 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ይህን ጉልበት ለመሸከም 4.1 ሜትር ስፋት ያለው ባለ 6 ምላጭ ፕሮፔለር አስፈለገ። የንድፉ ደግም ክፉም የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ደጉ፣ ትልቅ ፕሮፔለር ቀስ ብሎ ቢዞርም መሥራቱ ነው፦ ሲነሳ በደቂቃ 1,020 ዙር፣ በጉዞ ላይ 850። የምላጩ ጫፍ ሲዘገይ ጩኸቱ ይቀንሳል። የቀረውን ንዝረት በመንገደኞች ክፍል የተተከሉ ማይክሮፎኖች ይለኩታል፤ በአካሉ ጎድኖች ላይ የታሰሩ ማርገቢያዎችም በተቃራኒው እየተንቀጠቀጡ ያጠፉታል። ግሩም ሥራ ነው፤ የፕሮፔለሩን ሚዛን በየጊዜው ማስተካከልን ግን አይተካም።

ክፉው ከታች ነው። ፕሮፔለሩ መሬት እንዳይነካ ክንፉ ከላይ ሆነ፤ የዋናው ማረፊያ ጎማ እግሮችም ወደ ሞተሩ ቤት ስለሚታጠፉ ረጅምና ውስብስብ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 በኦልቦርግና በቪልኒየስ፣ በ3 ቀን ልዩነት፣ የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ የኤስኤኤስ ሁለት ዳሽ 8-400 አውሮፕላኖች ሲያርፉ እግራቸው ታጠፈ። እግሩን በሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ፒስተን ጫፍ ላይ ያለውን የብሎን ጥርስ ዝገት በልቶት ነበር። በኦክቶበር በኮፐንሃገን የደረሰው ሦስተኛው አደጋ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ቦታዋን የለቀቀች ቀለበት የሃይድሮሊክ መተላለፊያውን ዘጋች። ሰው አልሞተም፤ ኤስኤኤስ ግን አውሮፕላኑን ጨርሶ አሰናበተ።

ርዝመቱም ጥንቃቄ ይሻል። ከቀድሞው ዳሽ 8-300 በ7 ሜትር ገደማ ረዝሞ 32.8 ሜትር ስለደረሰ፣ ሲያርፍ አፍንጫውን አንስቶ ቁልቁለቱን ለማለዘብ የሚሞክር አብራሪ ጅራቱን ከመንደርደሪያው ሊያጋጨው ይችላል። መድኃኒቱ አፍንጫውን ሳያነሱ የሞተሩን ኃይል መጨመር ነው።

የመንገደኛው ክፍል ስፋት 2.5 ሜትር ብቻ ነው፤ ባለ ጎማ ሻንጣ ከላይ ካለው ሣጥን አይገባም፣ ወደ ጭነት ክፍል ይሄዳል። ጸጥታ የሚፈልግ ከፕሮፔለሩ ትይዩ ካሉት ወንበሮች ይራቅ።

አዲስ ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለቆመ ገዢ የሚያገኘው ያገለገለውን ነው። ከሞተሩ ሰዓት ቀጥሎ የሚጠየቀው የማረፊያ እግሩ መዝገብ ይሁን፦ ፒስተኑ መቼ ተፈታ፣ ጥርሱ ለዝገት መቼ ታየ፣ የትኛው ክፍል ተለወጠ። መዝገቡ ክፍተት ካለው እግሩ ተፈትቶ እስኪመረመር ውል አይፈረም።