«ጋሼ፣ እሱ የጾም አይደለም!»

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሰሞኑን ቅርንጫፍ የከፈተ የእስያ ምግብ ቤት አለ። ስሙን ልለፈው። ሁዳዴ ነው፤ እንደምንም ዘጠኝ ሰዓት አስቆጥሬ ገባሁ። ምናሌው ላይ የአትክልት ምልክት የሆነው አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበትን የቶፉና (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ) የፎሶሊያ ቦውል አዝዤ ወደ መክፈያው ስሄድ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ጓንት ያጠለቀ ልጅ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ እሱ የጾም አይደለም!» አለኝ።

(መጀመሪያ የደነገጥኩት «ጋሼ» በመባሌ ነው። ሽበቱ ያን ያህል ይታያል?)

ለካ ፎሶሊያው የሚጠበሰው በኦይስተር ሶስ ነው፤ ከባሕር ዛጎል እንስሳ በሚሠራው። ኑድሉም እንቁላል አለበት። ታዲያ ያ ቅጠል ምን ሊሠራ ተሳለ? ለነሱ የስጋ ቁራጭ ካልታየ አትክልት ነው መሰለኝ። ተናድጄ ልወጣ ስል ልጁ «ቆይ፣ ሌላ ልሥራልዎት» አለና ራሱ ምድጃው ጋ ሄደ። ከበላዩ ካለችው ቧንቧ ውሃ ለቆ መጥበሻውን በብሩሽ ፈግፍጎ አጠበ፤ ቶፉውን በአኩሪ አተር ሶስ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ብቻ አገላበጠልኝ።

ጣፈጠኝ! የቶፉው ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ሩዙ ደርቋል። የቃሪያ ዘይት የሚሉት ነገር አዋዜ ለለመደ አፍ የልጅ ማባበያ ነው። አብሮኝ የመጣው ልጄ አይጾምም፣ ኦሬንጅ ቺክን (በብርቱካን ሶስ የተለወሰ ጥብስ ዶሮ) በላ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሃዋይ ውስጥ ፓንዳ ኤክስፕረስ የሚባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት ሼፍ የፈጠረው እንጂ ከቻይና የመጣ አይደለም ብዬ ብነግረው ጆሮም አልሰጠኝ። ሽታው ግን ፈትኖኛል።

ዋጋው ላይ አልታረቅንም። የኔዋ ቦውል ብቻ 13.95 ዶላር፤ 6 በመቶ ታክስ ሲጨመርባት 14.79። እዚያው ሰፈር ጥቂት ጨምሬ ቢሆን የጾም በያይነቱ ከነእንጀራ ጭማሪው ይቀርብልኝ ነበር። ትሪውን የተሸከምኩት እኔ፣ ውሃውን የቀዳሁት እኔ፤ ስክሪኑ ግን ቲፕ 18፣ 20 ወይስ 25 በመቶ ይለኛል። ዜሮ ልነካ እጄን ዘርግቼ ነበር። ምግቡን የሠራልኝን ልጅ አየሁትና 25 ነካሁ። ለሱ መድረሱን ስላላመንኩ አምስት ዶላር በእጁ ጨመርኩለት፤ ሁለት ጊዜ «ኧረ ይተዉ» ብሎ በሦስተኛው ተቀበለኝ።

ፈረቃው ከሰዓት ነው አለኝ። ጠዋት የምትሄዱ ጾመኞች ቅጠሉን አትመኑ፣ ሶሱን ጠይቁ።