አፕ ለመሥራት አንድሮይድ ወይስ አይፎን? ከጣና ዳር የተጻፈ

ለጣና ጀልባ ነጂዎች የተሳፋሪ መመዝገቢያ አፕ እየሠራሁ ነው። ማን ወደ ዘጌ፣ ማን ወደ ክብራን ገብርኤል እንደሚሄድ፣ ማን እንደከፈለ ይይዛል። በየትኛው ልጀምር ለምትሉኝ የፖሊ ልጆች፣ መልሴ አንድሮይድ ነው።

ጀልባ ማቆሚያው ጋ ውረዱና የነጂዎቹን እጅ እዩ። ቴክኖ፣ ሳምሰንግ፣ አይቴል ነው። አዲስ ነገር ስሠራ ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ፣ እዚያው ይጭኑታል። አንድ ጋሼ «ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ፊደሉ አይታየኝም» አሉኝ። ማታ አጉልቼ፣ አድምቄ፣ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ላክሁላቸው። አይፎን እንዲህ ፋይል ተቀብሎ ዝም ብሎ አይጭንም።

ሐይቁ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ስለዚህ ምዝገባው መጀመሪያ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ኔትወርክ ሲገኝ ዎርክማናጀር የሚባለው የአንድሮይድ መሣሪያ ወደ ሰርቨር ይልከዋል። ይህ ክፍል በጣም ደስ ይለኛል፤ ስልኩ ጠፍቶ ቢበራ እንኳ ሥራውን አይረሳም። የሚያናድደው ሌላ ነው። አንዳንድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከጀርባ የሚሠራን አፕ ይዘጋሉ። ምዝገባው ሳይላክ ይውላል። ለዚህ ብዬ «አሁን ላክ» የሚል ትልቅ ቁልፍ ጨመርሁ። ነጂዎቹም እሱን ነው የወደዱት።

ወጪው ብዙ አያከራክርም። ፕሌይ ስቶር ላይ አፕ ለማውጣት የሚከፈለው አንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። አፕል 99 ዶላር ይላል፣ ያውም በየዓመቱ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት እዚህ ቀላል አይደለም፣ በየዓመቱ ሲሆን ደግሞ አስቡት። የአይፎን አፕ የሚሠራበት ፕሮግራም ኤክስኮድም ከማክ (ከአፕል ኮምፒውተር) ውጭ አይሠራም።

የአንድሮይድ አፕ የሚሠራበት ፕሮግራም አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን ለኮምፒውተር ከባድ ነው። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስል ፕሮግራም) አትክፈቱ፤ ስልካችሁን በኬብል አገናኝታችሁ ሞክሩ። ፕሌይ ስቶር ላይ አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሊኖሩት ይገባል። ሰዎቹን አስቀድማችሁ ለምኑ። ክላስ ውስጥ ያሉት ይበቃሉ።

ደንበኞቻችሁ ዳያስፖራ ወይም ቱሪስት ከሆኑ ነገሩ ይለያል፤ አይፎን የያዘው ብዙ ነው። ያኔ ፍላተር የሚባለውን የአፕ መሥሪያ ተማሩ፣ አንድ ኮድ ለሁለቱም ያገለግላል። የአይፎኑን ለማውጣት ግን ያው ማክ ያስፈልጋችኋል።